በስልክ የታየ ሳንባ

ጎፋ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዶክተር ኤልያቄም፤
በርገን፣ ኖርዌይ።

አባትህን በልጅነትህ የወሰደ አምላክ አንተን በዕድሜ ይካስህ። እንዴት ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የሚያጉረመርመው ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው። ሀናም ከአባቷ ለቅሶ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።

የወንድሜን፣ የአጎትህን የከበበውን ዐርባ እሑድ አወጣን። ሰው ብዙ ነበር፤ ከላፍቶም ከመካኒሳም መጡ፤ የነፋስ ስልክ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ በከዘራ ተደግፈው ደረሱ። ለተዝካሩ የላክኸው ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን አጎትህ ካረፈ ወዲህ ሀና በስልክ የምትጽፍልህን ሁሉ እያለፍክ ለዚያ ብቻ እጅህ መዘርጋቱን ልብ ብያለሁ። ስለዚህ እኔ በብዕር ጻፍኩ።

ወደ ነገሩ ልግባ። የማውቀውን በቅደም ተከተሉ አስቀምጣለሁ፤ የሳትኩት ካለ አርመኝ።

አምና በጥር ከበበውን ሳል አልለቀው ሲል መካኒሳ ካለ ክሊኒክ ሄደን ደረቱን ራጅ ተነሳ። ፊልሙን ያየው ዶክተር ለሊሳ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። ፊልሙን በመብራቱ ሰሌዳ ላይ ሰክቶ፣ እኔም እያየሁ፣ «አባባ፣ እዚህ ከልብዎ ጀርባ ጥላ የመሰለ ነገር ይታየኛል። ላይሆንም ይችላል። እንድናረጋግጥ ሲቲ ስካን ይነሱ» አለው። ከበበው አመስግኖ ወጣ። ደጅ እንደደረስን ግን «የራጅ ሐኪም ያሳደግሁት ለምኔ ነው?» አለኝ። ቤት ገብተን ፊልሙን እኔ በሳሎኑ መስኮት ላይ ዘርግቼ ያዝኩ፤ ሀና በስልኳ አንስታ ላከችልህ። ሻይ ሳይቀዳ ድምፅህ መጣ። «ጋሼ፣ ንጹህ ነው። ምንም የለም። ብርድ ይሆናል፣ አይዞህ።»

ከበበው ያንን ድምፅ ለጎረቤት፣ ለዕድርተኛው፣ ላገኘው ሁሉ አሰማ። ሲቲ ስካኑ ቀረ። በሐምሌ ደም ተፋ። ዕጢው የተገኘው ዶክተር ለሊሳ በጣቱ ካመለከተው ቦታ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል ቀበርነው።

ይህን የጻፍኩት አልቅሼ ላስለቅስህ አይደለም። አማከለች አለች። ላፍቶ ከአባቷ መሬት በቀረላት ቁራሽ ላይ ላሞች ይዛ፣ አንተ ዳዴ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ ለቤታችን ወተት የምታመጣው አማከለች፤ ልጇን ቦንሳን ከበበው ክርስትና ያነሳላት። ከመስቀል ወዲህ ያስላታል፣ ከስታለችም። አክታዋ ተመርምሮ ነጻ ነው። ያው ዶክተር ለሊሳ ራጇን አይቶ በቀኝ ሳንባዋ ከላይ በኩል ነጠብጣብ አለ፣ የድሮ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ሲቲ ስካን ትነሳ ብሏል። እሷ ደግሞ «መጀመሪያ ኤልያቄም ይየው» ብላ ፊልሟን አስላከችልህ። አልመለስክላትም።

አሁን ምን እንደምትል ስማ። «ዝም ካለ ምንም የለም ማለት ነው። ክፉ ነገር ቢያይ ዝም አይለኝም።» በከበበው ጊዜ የተሳሳትከው አንተ መሆንህን ብነግራት ሳቀችብኝ። «እርስዎ ደግሞ! መምህርት እንጂ ሐኪም ነዎት? ጋሽ ከበበውን የወሰደው እግዚአብሔር ነው። የእኔን ወተት ጠጥቶ ያደገ ዓይን አይሳሳትም!»

እንግዲህ ዝምታህ እንደ መልስ እየተቆጠረ ነው። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በአጎትህ ፊልም ላይ እንደተሳሳትክ በራስህ ቃል ለአማከለች ንገራት። ከእኔ አትሰማም፣ ከዶክተር ለሊሳም አትሰማም፣ ከአንተ ትሰማለች።

ይህን ደብዳቤ ሀና በስልኳ አንስታ ትልክልሃለች። ፊደል በስልክ ይነበባል፤ ሳንባ ግን እንደማይነበብ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

በሄድክበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምህ።
አክስትህ ብርነሽ


በርገን
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ጉልበትዎን ብርድ እንዳይመታው አደራ። እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን። እዚህ ዝናቡ ከገባ ወዲህ ፀሐይ ያየንበትን ቀን ረስተነዋል፤ ሰው ጃንጥላውን እንደ ኮፍያ ለምዶታል። በሥራ ቦታ ሁለት ሐኪሞች ለቀውብን እኔ የእነሱንም ድርሻ እሠራለሁ። መልስ የዘገየው ለዚህ ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የጋሼ ዐርባ በደንብ መውጣቱን በመስማቴ ተጽናናሁ። ትላንት ልጄን ብስክሌት ሳስተምር ትዝ አለኝ። ጋሼ እኔን ያስተማረኝ በመብራት ኃይል ሜዳ ነበር፤ ኮርቻውን ይዤልሃለሁ እያለኝ ለካ ከለቀቀ ቆይቷል። የመቃብሩን ፎቶ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ሐውልቱን እኔ አሠራለሁ።

ስለ እትዬ አማከለች፣ የሐኪሙን ምክር እንድትከተል ንገሩልኝ። የሆስፒታላችን ደንብ ከውጭ የሚላክ ምስል እንዳይ አይፈቅድልኝም፤ ይህን አስረዷት። ለምርመራው የሚያስፈልጋትን ልልክላት ዝግጁ ነኝ።

ስለ ጋሼ ፊልም የጻፉትን አንብቤአለሁ። የተላከልኝ ፎቶ የመስኮቱ ብረት ጥላ ነበረበት። ከታች በኩል ጣት ይታያል። በእንዲህ ያለ ምስል ላይ ማንም ቢሆን ምንም ሊያይ አይችልም ነበር።

ጤናዎን እመኛለሁ።
ልጅዎ ኤልያቄም


ጎፋ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ኤልያቄም፤

ሰላም ለአንተ፣ ለቤትህና ለልጆችህ ይሁን።

ደብዳቤህ የሚመጣው በሀና ስልክ ነው። እሷ አትማ ታመጣልኛለች። ይህን የምታውቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ከእኔ በፊት ያነበበችው እሷ ናት፤ ጣቱም የእሷ ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ልብስ መተኮስ ጀመረች። የተተኮሰውን ሸሚዝ መልሳ ስትተኩስ አይቼ «ምን ሆነሻል?» ብላት «ምንም» አለችኝ። በማግስቱ በስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ሁሉ ማጥፋቷን ሰማሁ። የአባቷንም ጭምር። «ፎቶ ማንሳት አልችልም» ትላለች፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ በስልኳ የማነሳው እኔው ነኝ። ይህ የአንድ አረፍተ ነገርህ ሥራ ነው።

አሁን አረፍተ ነገርህን እንመርምረው። ማንም ሊያይ አይችልም ነበር ብለሃል። እሺ፣ ልቀበልህ። ማየት ካልተቻለ «አይታየኝም» ይባላል። አንተ ያልከው ግን «ምንም የለም» ነው። እኔ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በአዳሪ ትምህርት ቤት ካርታ መሥራት ያስተማሩን ሴት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያልለካነውን አገር አረንጓዴ ቀለም ቀብተን ስናመጣ ወረቀቱን ለሁለት ቀደው ይመልሱልን ነበር። «ያልደረስሽበትን ባዶ ተዪው፤ ባዶው ላይ ደን አትትከዪ» ይሉን ነበር። አንተ በአጎትህ ደረት ላይ ደን ተከልክ።

ወደ አማከለች ልመለስ። «የሐኪሙን ምክር ትከተል» ያልከውን አነበብኩላት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝና፣

«ይሄ የእሱ አነጋገር አይደለም» አለች። «እርስዎ ያጻፉት ነው።»

«እኔ ኖርዌይ ሄጄ ነው ያጻፍኩት?»

«የእርስዎ ቁጣ ባሕር ይሻገራል፣ እትዬ። እሱ ቢሆን ‹አይዞሽ› ይለኝ ነበር።»

ልጇ ቦንሳ አጠገቧ ነበር። በሩ ላይ ሲሰናበተኝ «ኤልያቄም ራሱ ተሳስቻለሁ ካላለ እማዬ ከዚህ ሰፈር ወጥታ ማሽን ውስጥ አትተኛም። ያንን ለጋሽ ከበበው የላከውን ድምፅ በጆሮዋ ሰምታለቻ» አለኝ። ልጁ ትክክል ነው። ድምፅ የተከለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚነቅለው።

ገንዘብ አልጠየቅሁህም፣ እሷም አልጠየቀችህም። ሐውልትም ቆይቶ ይደርሳል። እኔ የምጠይቅህ አሠራሩን ነው። ያን ቀን ምን አደረግህ? ምን ሳታደርግ ቀረህ? ባለፈው ጊዜ እዚህ መጥተህ ራት ስንበላ በሆስፒታላችሁ በየወሩ ስትሰበሰቡ ያመለጧችሁን ፊልሞች ግድግዳ ላይ አውጥታችሁ እንደምታዩ ነግረኸን ነበር። «ማን ሳተ አንልም፣ ዓይን ለምን ሳተ እንላለን» ብለህ አጎትህን አስደነቅከው። ለኖርዌዮች የሚሆን እውነት ለላፍቶ ሴት አይሆንም?

አስተዋይ ልብ ይስጥህ።
ብርነሽ


ጎፋ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልያቄም፤

ገናም አለፈ፣ ከአንተ ግን መልስ የለም። ደብዳቤዬ እንደተከፈተ ሀና በስልኳ ምልክቱን አሳይታኛለች።

አማከለች ትላንት ወተቱን ይዛ ስትመጣ ደረጃችን ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ላይ አልቆም ይላል። ዶክተር ለሊሳ አንዴ ደውሎ ቢያጣራ «ልጄ እያየልኝ ነው» ብላ መለሰችለት። አሁንም ልጄ የምትለው አንተን ነው።

በአጎትህ ላይ የሆነው ሆኗል። በእሷ ላይ ገና አልሆነም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ብርነሽ


በርገን
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴም ለአክስቴም ለሆኑኝ ለእቴቴ ብርነሽ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለሀና ይነበብ፤ ከዚያ ሌላውን ይቀጥሉ።

ሀና፣ ጣትሽ ምንም አልሸፈነም። ያረፈው በፊልሙ የታችኛው ጥግ፣ ሳንባ በሌለበት ቦታ ነው። ጥላው አንቺ ባነሳሽው ፎቶ ላይ አለ። ደብዝዞ ነው እንጂ አለ። በሐምሌ የጋሼን ነገር ስሰማ ፎቶውን መልሼ ከፍቼ አሰፋሁትና አየሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። በታኅሣሥ የጻፍኩት ውሸት ነው። ፎቶሽን ሰበብ ያደረግሁት ሰበብ አጥቼ ነው። ይቅር በይኝ።

እቴቴ፣ አሠራሩን ጠይቀውኛል። እነሆ።

ያን ቀን ከሥራ ልወጣ ካፖርቴን እየለበስኩ ነበር። ስልኬ ላይ የሀናን ስምና የደረት ራጅ አየሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፎቶው ከመከፈቱ በፊት መልሱ አፌ ላይ ነበር። ያየሁት ፊልም አልነበረም፤ ያየሁት ጋሼን ነበር፣ ያ ደረቱ ሰፊው ሰውዬ፣ ብስክሌቱን ከኋላ ይዞ የሚሮጠው። እሱ ይታመማል ብሎ ማሰብ አልፈለግሁም። አላሰፋሁትም። በአንድ እጄ እጅጌዬን እያስገባሁ በሌላው እጄ ድምፄን ላክሁ።

በደረት ራጅ ላይ ልብ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሳንባ ግን ከልብም ጀርባ አለ። ዓይን ያንን ስፍራ እንደ ግድግዳ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ስለዚህ አውቆ መፈለግ ያስፈልጋል። ለተማሪዎቼ «ከልብ ጀርባ ሳታዩ ፊልም አታውርዱ» እያልኩ የምጮህ እኔ ነኝ። ያን ቀን ሳላይ አወረድኩ።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። «ያየው ሐኪም ምን አለ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ጋሼን በአካል ያየ፣ ሳሉን የሰማ፣ ዋናውን ፊልም በመብራት ላይ የመረመረ ባልደረባ እዚያ ነበር። እዚህ አንድ ተለማማጅ እንኳ ጥርጣሬ ቢጽፍ ሳልጠይቀው አልሽርበትም። መካኒሳ ያለውን ዶክተር ግን መኖሩን ሳልጠይቅ ሻርኩት። ከውጭ አገር የመጣ ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ አውቅ ነበር። ያንን መታመን ወድጄው ነበር፣ እቴቴ። ከአዲስ አበባ ፎቶ በመጣ ቁጥር እዚህ አገር ማንም የማይሰጠኝን ክብር አገኝ ነበር።

ለምን ዝም አልክ ይሉኛል። በወር ስብሰባችን ላይ የታማሚውም የሐኪሙም ስም ተሸፍኖ ነው ፊልሙ የሚወጣው። እውነትን መናገር እዚያ ቀላል ነው። የእኔን ድምፅ ግን ዕድርተኛው በሙሉ ያውቀዋል፤ የሚሸፈን ነገር የለውም። ያ አስፈራኝ።

አሁን ወስኛለሁ። የጋሼን ፊልም በሚመጣው ወር ስብሰባ ላይ አቀርባለሁ፤ የሳትኩትም እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ለክፍሉ ኃላፊ ነግሬአቸዋለሁ። ከደንብ ውጭ የሰጠሁት ምክር ስለሆነ መጠየቅ እንዳለብኝ አሳውቀውኛል። ልጠየቅ።

ከዚህ ጋር ለእትዬ አማከለች ድምፅ ልኬአለሁ። ብቻዋን አታሰሟት። የፊተኛውን በሰሙት ሰዎች ሁሉ ፊት ይሰማ። ቃሉን እዚህም ጽፌዋለሁ፣ የተጨመረ እንዳይመስላት።

«እትዬ አማከለች፣ ኤልያቄም ነኝ። ጋሼ ከበበውን ‹ምንም የለም› ያልኩት እኔ ነኝ፤ ነበረ። ዶክተር ለሊሳ ትክክል ነበር፣ እኔ ተሳሳትኩ። በጊዜው ሲቲ ስካን ቢነሳ ኖሮ ዕድል ነበረው፤ ያንን ዕድል የዘጋሁበት እኔ ነኝ። የአንቺን ፎቶ ዝም ያልኩት ምንም ስለሌለ አይደለም፤ ስላፈርኩ ነው። በሳንባሽ ላይ ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም። በስልክ አይታወቅም። ካወቅሽኝ ጀምሮ ‹አላውቅም› ብዬሽ አላውቅም፤ አሁን አልኩሽ። ዶክተር ለሊሳ ጋ ሂጂ።»

እግርዎን ስሜአለሁ።
ኤልያቄም


ጎፋ
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤልያቄም፤

እውነት ለመናገር ያበረታህ አምላክ ከነቤትህ ይባርክህ። የዘገየሁት ውጤቱን ይዤ ልጽፍልህ ብዬ ነው።

ድምፅህን ባለፈው ወር የዕድራችን ስብሰባ ሲያበቃ አሰማነው። ሀና ስልኳን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘችው። ሰው ሊነሳ ወንበር እያንኳኳ ነበርና እኔ ብድግ ብዬ «ተቀመጡ» አልኩ፤ ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ የተናገርኩት ቃል ነው፣ ሁሉም ተቀመጠ። «ነበረ» ያልክበት ቦታ ላይ ሲደርስ የሚያስለው ሰው እንኳ ሳሉን ያዘ።

ሲያልቅ መጀመሪያ የተናገረው ኮርሳ ነው፤ ያ ጋራዥ የነበረው፣ የከበበው የዳማ ጓደኛ። «ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው» አለ። ከኋላ አንዱ «ምን ያድጋል፣ ሰው ገድሎ!» ብሎ ጮኸበት። ልከላከልልህ አልተነሳሁም። የተናገረውም ሰው በከበበው መቃብር ላይ አፈር ያለበሰ ነው፣ የመናገር መብት አለው። ይህን የምጽፍልህ ሁሉም አጨበጨበልህ ብዬ እንዳላታልልህ ነው።

 አማከለች ግን ወደ ሀና ዞረችና «እስቲ ድገሚው» አለቻት። ተደገመ። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ቦንሳ፣ ነገ ትወስደኛለህ» አለች።

«አሁን ዶክተር ለሊሳን አመንሽው?» አልኳት።

«እኔ ያመንኩት ኤልያቄምን ነው። በራሱ ላይ ክፉ የሚያወራ ሰው በእኔ ላይ አይዋሽም። አሁን ይበልጥ አመንኩት።»

በማግስቱ ከቦንሳ ጋር ሄደች።

የሲቲ ስካኑ ውጤት ሲመጣ አብሬአት ገባሁ። ዶክተር ለሊሳ ምስሉን በኮምፒውተር ላይ እያዞረ አሳየን። የድሮ ቁስል ጠባሳ ነው፤ ልጅ ሳለች ሳንባዋን ታማ የዳነችበት ይመስላል። ለጥንቃቄ ከስድስት ወር በኋላ መልሶ ያየዋል። የሚያደክማት ደም ማነስ ነው፤ መድኃኒት ጀምራለች፣ ደረጃችንንም ሳትቀመጥ ትወጣለች። ሳሉም እየለቀቃት ነው።

ሐኪሙ ስለ አንተ ጠየቀኝ። ድምፅህ ለእሱም ደርሶታል። «እኔም የሳትኩት አለ» አለኝ። «ለጋሽ ከበበው ‹ሲቲ ይነሱ› ብዬ ጽፌ ተውኩት። ሳይመለሱ ሲቀሩ ደውዬ አልጠየቅሁም። አሁን ያልተመለሰ ሰው ሲኖር እደውላለሁ፤ እትዬ አማከለች ጋ የደወልኩትም ለዚያ ነበር። ግን ‹ልጄ እያየልኝ ነው› ስትለኝ መልሼ ዝም አልኩ። ‹ልጅሽን አገናኚኝ› ማለት ነበረብኝ።» ስልክ ቁጥሩን ሀና ትልክልሃለች። ከዚህ በኋላ ከዚህ ሰፈር ፊልም ቢመጣብህ ከሱ ጋር ተነጋገሩ እንጂ ከእኛ ጋር አትነጋገር።

አሁን የከበደው ክፍል ይመጣል። አማከለች ውጤቷን ይዛ ስትወጣ ደስታዋን ደጅ ላይ አልቻለችውም። ሰው ሰብስባ «አያችሁ! ዝምታው ልክ ነበር! ልጁ ምንም የለም ቢለኝ ኖሮ ትክክል ነበር፣ ይሄን ሁሉ ባልተንከራተትኩ!» አለች። ሁሉም ሳቀ። ቦንሳ ሳይቀር።

ደስታዋን ማጨለም አልወደድኩም፤ ግን አላለፍኩትም። «አማከለች፣ የጎፋን አስፋልት ግራ ቀኝ ሳታዪ ሮጠሽ ብትሻገሪና መኪና ባይገጭሽ፣ መሻገር ታውቂበታለሽ ማለት ነው?» አልኳት። «አሁን ደግሞ መኪና አመጡብኝ!» ብላ ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ሄደች። ስለዚህ ሥራችን አላለቀም። ስህተት የገደለውን ሰው ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ስህተት ያልገደለውን ግን እንደ ብልሃት ያወራዋል። አንተም በስብሰባህ ላይ ይህን ጨምረህ ንገራቸው፤ በዕድል ልክ የወጣላችሁንም መርምሩ በላቸው።

ኃላፊህ ምን እንደወሰኑ ጻፍልኝ። ቅጣት ከሆነ ተቀበለው። ሥራህን የሚያሳጣህ ከሆነም ሳትደብቅ ንገረኝ፤ በደስታህ ብቻ አይደለም አክስትህ የሆንኩት።

ሀና ከዘመዱ ሁሉ የአባቷን ፎቶ እየለመነች ታሰባስባለች። አንተም ጋ ያሉትን ላክላት። ብስክሌት የምትማርበት አንድ አለ ብላኛለች።

ትላንት ደግሞ ኮርሳ ትልቅ ፖስታ በብብቱ ይዞ በራችን ቆመ።

«እትዬ፣ ይቺን ለኤልያቄም ብትልኩልኝ» አለኝ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ሲቲ ተነሳ አለኝ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ለነገሩ እንዲያው … ሰው ሲያየው ልብ ያርፋል ብዬ ነው።»

«ድምፁን ስትሰማ ‹ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው› ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ፖስታውን ሳልከፍት መለስኩለት፤ ጫማዬን አድርጌም የመካኒሳ ታክሲ እስከሚያዝበት ሸኘሁት። ረዳቱ «ሞላ! ሞላ!» እያለ ተሳፋሪዎቹን ሲገፋ ኮርሳ አንገቱን በመስኮት አወጣና «እትዬ ብርነሽ፣ ደክሜ ሄጄ ምንም ባይገኝስ?» አለኝ።

«ያን ጊዜ ምንም እንደሌለ እናውቃለን» አልኩት።

ጸሎቴ ከአንተ ጋር ነው።
አክስትህ ብርነሽ